የቆመ ነጥብ፤ የቋንቋ ችሎታ ፈተና ታሪክና ለመምህራን የሚሰጠው ትምህርት

ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ከሚዘጋጁት መካከል ብዙዎች የሚደርስባቸው አንድ ችግር አለ። ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፍጥነት ሲያድግ የነበረው ውጤት በድንገት ቆሞ፥ ተማሪው ቢተጋም ቢደክምም ከነበረበት ፈቀቅ አልል ማለቱ ነው። በሒሳቡ ክፍል ይህ መቆም ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው፤ የተረሳው ቀመር ሲታወስና ስሕተቱ ሲታረም ነጥቡ ይነሣል። በቋንቋው ክፍል ግን መቆሙ ይረዝማል፤ ተማሪውም በሺህ የሚቈጠሩ ቃላትን ሸምድዶ፥ የልምምድ ፈተናዎችን ደጋግሞ ሠርቶ፥ በመጨረሻ ያንኑ ቁጥር ሲያገኝ ተስፋው ይደክማል።

በዚህን ጊዜ ወደ መምህሩ ሄዶ ምክር ይጠይቃል። መምህሩ ከሁለት መልሶች አንዱን ይሰጣል። አንደኛው፥ «የተፈጥሮ ችሎታህ እስከዚህ ድረስ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «የቆመው የተማርህበት መንገድ እንጂ አንተ አይደለህም» የሚል ነው። በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት የአንድን ወጣት የወደፊት ዕድል የሚወስን ስለ ሆነ፥ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የጉዳዩ ታሪክ ምን እንደሚያስተምር መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩ የቴሌግራፍ ተማሪዎች

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች የቴሌግራፍ ሥራ ይማሩ ነበር። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዊልያም ብራያን፥ ቀድሞ ራሱ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ከነበረው ከኖብል ሃርተር ጋር ሆኖ፥ የእነዚህን ተማሪዎች እድገት በየሳምንቱ እየለካ በ1897ና በ1899 ሁለት ጥናቶች አወጣ። ያገኙትም ነገር አስደናቂ ነበር። ተማሪዎቹ መልእክት የመላክ ችሎታቸው ያለማቋረጥ ሲያድግ፥ የመቀበል ችሎታቸው ግን አንድ ደረጃ ላይ ደርሶ ለብዙ ሳምንታት ይቆም ነበር። ይህም ደረጃ በዋናው መስመር ላይ ለመሥራት ከሚፈለገው ፍጥነት ጥቂት ዝቅ ያለ ነበረ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በዚያው ሲቀሩ፥ የጸኑት ከረጅም መቆም በኋላ እንደገና ወደ ላይ ይወጡ ነበር።

ሁለቱ ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ ጀማሪው የሚሰማው ነጠላ ፊደል መሆኑን፥ ቀጥሎ ቃልን በሙሉ እንደሚሰማ፥ በመጨረሻም ሐረግንና ዓረፍተ ነገርን በአንድነት እንደሚይዝ ገለጡ። ታችኛው ልማድ ያለ ሐሳብ የሚሠራ እስኪሆን ድረስ አእምሮ ለላይኛው ልማድ ነጻ አይሆንም። እንግዲህ በመቆሙ ጊዜ እድገት ጠፋ ማለት አይደለም፤ በሚዛኑ ላይ ገና አልታየም ማለት ነው።

ይህ ትርጓሜ ሳይነካ አልቀረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሬዲዮ ሠራተኞች የሞርስ ፊደል ማስተማሪያ ዘዴ ያወጣው ፍሬድ ኬለር፥ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ፥ የተባለው መቆም በሁሉ ተማሪ ላይ የሚታይ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ተከራከረ። ይህም ለመምህር ትልቅ ነገር ነው፤ መቆም የማይቀር ዕጣ ካልሆነ፥ የማስተማሪያው መንገድ ሲለወጥ ሊያጥር ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል ማለት ነውና።

፪ ማንበብ ማሰብ መሆኑ

በ1917 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ አጭር አንቀጽ አስነበባቸው። አንቀጹ በአንዲት ከተማ ልጆች ከስንት እስከ ስንት ዓመታቸው ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ግዴታ እንዳለባቸውና በምን ምክንያት መቅረት እንደሚፈቀድላቸው የሚናገር ነበር። ቃላቱ ከባድ አልነበሩም። ቢሆንም ጥያቄ ሲቀርብላቸው ከልጆቹ ብዙዎቹ ተሳሳቱ።

ቶርንዳይክ ስሕተቱን በቁጥር ብቻ ሳይተው እያንዳንዱን መልስ መረመረ። ያገኘውም ምክንያት ይህ ነበር፤ ልጁ ከአንቀጹ አንዱን ቃል ይዞ ከሚገባው በላይ ክብደት ይሰጠዋል፤ ሌላውን ይኸውም «ካልሆነ በቀር» ወይም «በመካከል» የሚለውን ዓይነት ትንሽ ቃል ቸል ይለዋል፤ ከዚያም ከራሱ ግምት ጨምሮ መልስ ይሠራል። ስለዚህ አንቀጽ ማንበብ የሒሳብ ጥያቄ እንደ መፍታት ያለ የአእምሮ ሥራ መሆኑን አስረዳ። አንባቢው ይመርጣል፥ ይመዝናል፥ ያዛምዳል፥ ይጥላል።

ዛሬም ውጤታቸው ከቆመባቸው ተፈታኞች ብዙዎቹ ያንኑ ሥሕተት ሲሠሩ ይታያሉ። የቃላት ዝርዝራቸው ሲረዝም፥ «ነገር ግን»ን፥ «ምንም እንኳ»ንና «ይልቁንም»ን የማየት ልማዳቸው ግን በቦታው ቆሟል።

፫ ከራሱ መጽሐፍ ጋር የተከራከረው ሰው

በአሜሪካ የኮሌጆች የመግቢያ ፈተና ቦርድ በ1901 ፈተና መስጠት ሲጀምር ጥያቄዎቹ ተማሪው የተማረውን በጽሑፍ የሚያብራራባቸው ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ከ1,700,000 በላይ ለሆኑ ወታደሮች የአእምሮ ፈተና ተሰጠ። በዚህ ሥራ ውስጥ የነበረው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መምህር ካርል ብሪገም በ1923 ባወጣው መጽሐፍ፥ ወደ አሜሪካ ከገቡት ሕዝቦች አንዳንዶቹ በተፈጥሮ ከሌሎቹ ያነሱ ናቸው ብሎ ጻፈ። ይህ ሰው በ23 ሰኔ 1926 ለ8,040 ተፈታኞች የተሰጠውን የመጀመሪያውን ኤስ.ኤ.ቲ. አዘጋጀ። በዚያ ቀን ተፈታኙ በ97 ደቂቃ 315 ጥያቄዎች ቀርበውለት ነበር፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ የቃላት ትርጉም፥ ተቃራኒ፥ ንጽጽርና የአንቀጽ ንባብ ነበሩ።

ነገር ግን በ1930 ብሪገም የራሱን መጽሐፍ በይፋ ሻረ። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ፈተና ይዞ በሌላ ቋንቋ ያደጉትን ሕዝቦች ማነጻጸር መሠረት የሌለው ሥራ መሆኑን፥ የእርሱም ጥናት ከዚህ ነቀፋ የማያመልጥ መሆኑን አመነ። የተማረ ሰው ስሕተቱን በአደባባይ ሲናዘዝ ማየት ብርቅ ስለ ሆነ ይህ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በ1932ም የስድስት ዓመት የፈተና ልምዱን መርምሮ ስለ ስሕተት ጥናት የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ በአንድ ቀን ቢሻርም ያስፋፋው እምነት በአንድ ቀን አይሻርም። የቋንቋ ነጥብ የተፈጥሮ ልክ ነው የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤቶች ጸንቶ ኖረ። «አንተ ለቋንቋ አልተፈጠርህም» የሚል መምህር፥ ሳያውቀው፥ ጸሐፊው ራሱ የካደውን ሐሳብ ያስተምራል።

፬ የብሩክሊኑ መምህርና የጊዜ ዋጋ

በ1937 በሃርቫርድ፥ በዬል፥ በፕሪንስተንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጂ.አር.ኢ. የተባለው ፈተና ተሰጠ። በ1947 የትምህርት ፈተናዎች አገልግሎት ድርጅት ሲቋቋም ይህም ፈተና ኤስ.ኤ.ቲ.ም በእርሱ አስተዳደር ሥር ሆኑ። ድርጅቱ ለፈተና ተብሎ የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ጥናት ነጥብን እምብዛም አያሳድግም የሚል አቋም ነበረው።

በኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ስታንሊ ካፕላን የተባለ ወጣት ይህን አልተቀበለም። በ1938 በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ማስጠናት ጀመረ፤ በ1946 ለኤስ.ኤ.ቲ. የምትዘጋጅ ተማሪ ወደ እርሱ መጣች፤ ከዚያም ተማሪዎቹ እየበዙ ሄዱ። ክርክሩ እስከ መንግሥት ደርሶ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ነገሩን አስመረመረና በ1979 ባወጣው ዘገባ ጥናቱ ለአንዳንድ ተማሪዎች እንደሚጠቅም፥ ግን ማስታወቂያው የሚለውን ያህል እንዳልሆነ ተገለጠ።

ለዚህ ክርክር ጠቃሚውን መልስ ያመጡት በ1981 ሳሙኤል ሜሲክና አን ያንገብሉት ናቸው። እነርሱ ቀድሞ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው ቢመረምሩ፥ የነጥብ ጭማሪ ከጥናቱ ሰዓት ጋር የተያያዘ፥ ነገር ግን ሰዓቱ በጨመረ መጠን የሚገኘው ጭማሪ እያነሰ የሚሄድ መሆኑን አገኙ። የመጀመሪያው ነጥብ በርካሽ ይገኛል፤ ተከታዩ ግን እጥፍ ሰዓት ይጠይቃል። የሒሳቡ ክፍል ለጥናት ፈጥኖ ሲታዘዝ የቋንቋው ክፍል ይዘገያል። ትልቅ ጭማሪ የፈለገ ሰው የሚያስፈልገው ጊዜ የመደበኛ ትምህርትን ያህል እየሆነ ይመጣል።

እንግዲህ በቆመ ነጥብ የሚጨነቅ ተማሪ ይህን ቢያውቅ ልቡ ይረጋጋል። ነጥቡ የቆመው ርካሹ ጭማሪ ስላለቀ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው እውነተኛው ትምህርት ነው።

፭ ከመቆም የመውጫው መንገድ

ፈተናውም በበኩሉ ተለውጧል። በ2011 ከጂ.አር.ኢ. የተቃራኒ ቃላትና የቃላት ንጽጽር ጥያቄዎች ወጡ፤ ነጥቡም ከ130 እስከ 170 ሆነ። በ2023 ፈተናው አጥሮ የቋንቋው ክፍል 27 ጥያቄዎችና 41 ደቂቃ ብቻ ቀሩት። ጥያቄዎቹ አሁን ክፍት ቦታን ከዓረፍተ ነገሩ አካሄድ መሙላትንና አንቀጽን መረዳትን ይጠይቃሉ። ሁለት ወይም ሦስት ክፍት ቦታ ባለው ጥያቄ ሁሉም በትክክል ካልተሞላ ነጥብ አይገኝም። ስለዚህ ቃሉን ከዝርዝር ብቻ ያወቀ ሰው የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ሲሰወርበት ይወድቃል።

ከታሪኩ አራት ምክሮች ይወጣሉ። አንደኛ፥ ቶርንዳይክና ብሪገም እንዳደረጉት ስሕተት ይጠና። ተማሪው ደብተር ይዞ እያንዳንዱን ስሕተት በምክንያቱ ይለይ፤ ቃሉን አላወቀም? ማያያዣውን አላየም? ጸሐፊው ያላለውን ጨመረ? ወይስ ቸኰለ? ከሠላሳ ወይም ከአርባ ስሕተት በኋላ በሽታው ራሱን ይገልጣል፤ ከዚያ በፊት አዲስ የልምምድ ፈተና መሥራት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መለዋወጥ ነው።

ሁለተኛ፥ ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ ይጠና። ብቻውን የተሸመደደ ቃል ፈጥኖ ይጠፋል፤ ቢታወስም ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚስማማ አይታወቅም።

ሦስተኛ፥ በየቀኑ ከፈተናው ውጭ ከባድ ጽሑፍ ይነበብ። ስለ ታሪክ፥ ስለ ሳይንስና ስለ ሥነ ጽሑፍ የሚናገር አንድ ገጽ በዝግታ ከተነበበ በኋላ መጽሐፉ ተዘግቶ የጸሐፊው ሐሳብ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ታችኛው ልማድ የሚደላደለው በዚህ ነው።

አራተኛ፥ ሚዛኑ በየቀኑ አይታይ። አንድ ሰው ችሎታው ሳይለወጥ ውጤቱ በሁለት ነጥብ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል፥ የአንድ ቀን መውጣት አያኩራራ፥ የአንድ ቀን መውረድም አያስደንግጥ። በሳምንታት መካከል የሚደረግ መመዘን ይበቃል።

፮ ለአገራችን ትምህርት ቤቶች

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ መምህራን ባዕድ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ልጅ ወደ ንባብ ሲገባ በግዕዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ በኩል ደረጃ በደረጃ ያልፋል። አንዱ ደረጃ ሳይደላደል ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ብራያንና ሃርተር በቴሌግራፍ መስመር ላይ የለኩትን ነገር የንባብ ቤቱ መምህር ያለ ሥዕላዊ መግለጫ ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ያዘጋጀውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ነግሮ ሲሳሳት ወዲያው ይታረማል፤ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ወርቁን ያላገኘ አልገባውም ይባላል።

የዛሬው ተማሪ ግን የሁለተኛ ደረጃውንና የዩኒቨርሲቲውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ብዙ ጊዜም መጽሐፍ ሳይሆን የመምህሩን አጭር ማስታወሻ እያጠና ያድጋል። ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ጂ.አር.ኢ. ሲወስድ፥ ወይም በአገር ውስጥ በ2016 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ለተጀመረው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሲቀርብ፥ ሒሳቡ ሲነሣ ቋንቋው የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጉድለቱ የተጀመረው በፈተናው ወር ሳይሆን ከዐሥር ዓመት በፊት፥ ያልተነበቡት መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብሱ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ኃላፊ ቤተ መጻሕፍቱን ክፍት ቢያደርግ፥ የሳይንስ መምህር ሳይቀር ተማሪዎቹን አንድ ሙሉ ምዕራፍ አስነብቦ በራሳቸው ቃል ቢያስጽፍ፥ ከማናቸውም የፈተና ማስጠኛ የበለጠ ውለታ ይውላል። ውጤቱ ቆሞበት የመጣውንም ወጣት በተፈጥሮው ከመፍረድ በፊት የስሕተት ደብተሩን አምጣ ይበለው። ብሪገም በጽሑፉ የሻረውን ፍርድ መምህር በአንደበቱ እንደገና ሊያጸናው አይገባምና።