በጣራ ጫፍ የተቀመጠ ሸክላ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከዞብል ተራራ በስተ ምዕራብ በተንጣለለው ሜዳ የምትገኘው ሮቢት የማሽላና የጤፍ ሀገር ናት፤ ክረምቱ በዚህ ቆላ አጭር ቢሆንም ዝናቡ ሲመጣ በኃይል ስለሚወርድ፣ በሣር ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጣራው ጫፍ ነበር። በክብ ቤት ላይ ወራጁ ሁሉ በምሰሶው ራስ ተሰብስቦ ስለሚታሰር፣ የክዳኑም ሣር እዚያው ስለሚያልቅ፣ ውሃ የሚሰርግበት ደካማ ስፍራ እርሱ ነው። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ይህን ስፍራ የሚከድነው ጉልላት በብዙ ቤት ከሸክላ የተሠራ ነበር፤ ያልሞላለት ቂጡ የወለቀ ማሰሮ ይደፋበታል፣ የሞላለት ግን ለዚሁ ብሎ ያሠራውን፣ አንገቱ የረዘመውን፣ ከሩቅ ለመንገደኛ የሚታየውን ያስቀምጣል። ዝናብ ሊከለክል የወጣው ሸክላ በዚያው የቤቱ ጌጥ ሆነ፤ ክብ ቤተ ክርስቲያንም ከጉልላቷ ላይ መስቀልና የሰጎን እንቁላል ስታደርግ፣ ምእመናን ስፍራውን ምን ያህል እንዳከበሩት ትመሰክራለች።

ይህን ዕቃ የምትሠራው ሴት ያለ መንኰራኵር፣ በእጇ ብቻ ነው የምትሠራው። አፈሩን ነቅሳ፣ ከተፈጨ ገል ወይም ከአሸዋ ጋር ለውሳ፣ ወገቡን በመዳፏ እየደገፈች ታሳድገዋለች፤ ጥቂት ሲጠነክር በወንዝ ጠጠር እያሸች ታለሰልሰዋለች፣ በጥላ አድርቃም በኩበትና በጭድ ትተኩሰዋለች። ሊቃውንት የሥጋን ባሕርያት አራት አድርገው ሲቆጥሩ፣ መሬትና ውሃ፣ ነፋስና እሳት ይላሉ፤ አራቱም በዚህች ሴት እጅ በየተራ ያልፋሉ። በገበያ ቀን ገዢ ጐንበስ ብሎ እንስራውን በጣቱ ያንኳኳል፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፣ ከታፈነ ግን ተሰንጥቋልና ይመልሰዋል።

እጅግ የሚያሳዝነው፣ ሸክላው በቤቱ ራስ ላይ ሲከብር ሠሪዋ በሰፈር ዳር መገፋቷ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ቃለ እግዚአብሔርን ሊሰማ ወደ ለብሓዊ፣ ማለት ወደ ሸክላ ሠሪ፣ ቤት እንደ ወረደ የሚያነብ ሕዝብ፣ ለብሓዊውን ቡዳ ብሎ ከማዕዱ መለየቱ ለሕሊና የሚከብድ ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ዐዋጁ ታላቅ ነበር፣ ነገር ግን ስድቡ ከሰው አፍ ቶሎ አልወጣም።

ከሸክላ ዕቃዎቹ መካከል ጀበና የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ቡና በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ሲነቀፍ የኖረ መጠጥ ስለ ነበረ፣ በወሎ ጀበናን አስቀድሞ ያወቀው እስላሙ ነው፤ ክርስቲያኑ ጋኑን በግራዋ አጥቦ በወይራ እያጠነ ጠላውን ይጠምቅ ነበር። ኋላ ግን ጀበናው የሁለቱንም ቤት ደጃፍ ተሻገረ። ሁለቱ ሃይማኖቶች ተጎራብተው በሚኖሩበት በራያና በወሎ ምድር፣ ሸክላ ሠሪ ለሁለቱም እኩል ሠርታለች።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣሊያን ከአሥመራ በመቀሌ፣ በአላማጣና በቆቦ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወርደውን የመኪና መንገድ አበጀ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መኪና ቆርቆሮ እያመጣ በየከተማው አራገፈ። ቆርቆሮ ምሰሶ ላይ የሚሰበሰብ ሣር ስለሌለው ጉልላት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ሣሩ ሲነሣ ሸክላውም አብሮ ወረደ፣ በቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የቀረውም ከብረት ተሠራ። ቀጥሎ ጀሪካን መጥቶ እንስራን ከሴቶች ጀርባ አወረደው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ጥፋት የጉልላቱ ነው፤ ምክንያቱም እንስራው ቢያንስ በየሳሎኑ ጥግ ለጌጥ ሲቆም ይታያል፣ ጉልላቱን ግን ለጌጥ እንኳ የሚያሠራ አልተገኘም። የዛሬዋ ሸክላ ሠሪ የምትተዳደረው ባልተተኩላት በምጣድና በጀበና ነው።