ሕጉና ካዝናው

ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የትምህርት መብት ሲወሳ ነገሩን በ1954ቱ ፍርድ ጀምረው እዚያው የሚጨርሱ ብዙ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እኛ ግን ዋናው ታሪክ ከዚያ በኋላ ነው እንላለን። በብራውን ጉዳይ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ሕፃናትን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው በየኑ። ታዲያ ምን ሆነ? ፍርድ ቤት ጦር የለው፣ ካዝና የለው! አሥር ዓመት ቆይቶ እንኳ፣ ቀድሞ ለባርነት ሲሉ ተገንጥለው በነበሩት 11 የደቡብ ግዛቶች ከ100 ጥቁር ተማሪዎች ከነጭ ጋር የሚማሩት 3 አይሞሉም ነበር።

ፕሪንስ ኤድዋርድ የተባለችውን የቨርጂኒያ ወረዳ እንመልከት። ልጆቻችን ከጥቁር ጋር ከሚማሩ ይቅር ብላ በ1959 የሕዝብ ት/ቤቶቿን በሙሉ ዘጋች። ለነጮቹ የግል ት/ቤት ተከፈተላቸው፤ ለክፍያውም የመንግሥት ድጎማ አገኙ። ከጥቁሮቹ ልጆች አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ተላኩ፤ ብዙዎቹ ግን በ1963 በዕርዳታ ገንዘብ ት/ቤት እስኪከፈትላቸው ድረስ ሜዳ ላይ ዋሉ። ወረዳዋ ራሷ የከፈተችው በ1964 ተፈርዶባት ነው። በ1959 ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ እንግዲህ በዕርዳታው ት/ቤት እንኳ ሲገባ 11 ሆኖታል። ያን ዕድሜ የትኛው ፍርድ ይመልስለታል?

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል ሌላ መላ ዘየደ። (ሕጉም ከሰማይ አልወረደም፤ በ1963 በበርሚንግሃም ጎዳና ውሻና የውሃ ጎማ የተለቀቀባቸው ወጣቶች ብዙ ከፍለውበታል።) የፌዴራል ገንዘብ በሚገባበት ሥራ ማንም በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም በትውልድ አገሩ አድልዎ አይደረግበትም ይላል። ገንዘቡን ከፈለግህ አታድላ፣ ካደላህ ገንዘቡን እርሳው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ለት/ቤቶች የሚሄደው የፌዴራል ገንዘብ ትንሽ ስለነበር ዛቻው አልከበደም። በ1965 የወጣው የትምህርት ሕግ ግን ከ1 ቢልዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ፤ ያውም ለድሃ ልጆች ማስተማሪያ ስለነበር ደቡቡ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ አይደል? ሕሊና ያልከፈተውን በር ካዝና ከፈተው። በ1968 ከደቡቡ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ሩብ የሚጠጉት ነጮች በሚበዙባቸው ት/ቤቶች ይማሩ ነበር።

ይኸው ዘዴ በ1972 ለሴቶች፣ በ1973 ለአካል ጉዳተኞች ተቀዳ። የ1973ቱ ማስፈጸሚያ ደንብ ግን ሳይፈረም ዓመታት ጠረጴዛ ላይ ተኛ። በኤፕሪል 1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም አሉ፤ ብላክ ፓንተሮች ምግብ ያመላልሱላቸው ነበር። ኤፕሪል 28 ቀን ደንቡ ተፈረመ።

ቀዳዳ ፈላጊም አልጠፋም። ግሮቭ ሲቲ የተባለ የፔንሲልቬንያ ኮሌጅ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚወስዱት ተማሪዎቼ እንጂ እኔ አይደለሁም ብሎ ስለ ሴቶች የወጣውን ሕግ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ1984 ሕጉ ገንዘቡ የገባበትን ክፍል ብቻ ይይዛል አለ። ምክር ቤቱ ደግሞ በ1988 የፕሬዚዳንት ሬገንን እምቢታ ሽሮ ተቋሙን በሙሉ እንዲይዝ አደረገ። ኮሌጁም በ1996 ተማሪዎቹ የመንግሥት ብድር እንዳይወስዱ ወስኖ ጭራሹን ከገንዘቡ ወጣ።