አንድ ልጅ፣ አንድ መምህር፦ ቀለም ለሚከብዳቸው ልጆች የነበረን የቤት ትምህርት

ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ እያሉ በዜማ መውረድ ገና ማንበብ አይደለም። የጥንት መምህሮቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ጆሮው ንቁ የሆነ ልጅ ገበታውን ከራስጌ እስከ ግርጌ አንዲት ሳያዛንፍ ሊወርደው ይችላል፤ መሐል ላይ አስቁመው «ይህቺ ማን ናት?» ሲሉት ግን ዝም ይላል። የአቡጊዳ ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል የመጀመሪያው ፊደል በግዕዙ፣ ሁለተኛው በካዕቡ፣ ሦስተኛው በሣልሱ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል። የለመደው መስመር ስለሚፈርስበት ልጁ የፊደሉን መልክ ዐይቶ ከመለየት ሌላ መውጫ የለውም። አቡጊዳውም በተራው በቃል ከተያዘ የኔታ ከግርጌ ወደ ራስጌ ያስኬዱታል። ማን እንደሚያነብ፣ ማን በጆሮው ብቻ እንደሚሄድ በዚህ ይለያል።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል በማስተማር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወላጆች ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። «ቲቸር፣ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አያነብም። አስወጥቼ ቤት ላስተምረው እንዴ?» ይሉኛል። ነገሩን አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻቸው የሰሙት እንግዳ ሐሳብ አድርገው ነው የሚያነሡት። እኔ ደግሞ ወደ ኋላ መለስ ብዬ የራሳችንን ታሪክ ልነግራቸው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ቀለም የከበደውን ልጅ ለብቻው አስቀምጦ በልኩ ማስተማር አገራችን ውስጥ ሥር ያለው ሙያ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። ዛፍ ሥር ወይም ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሃያ ልጅ ቢቀመጥ ሃያውም የተለያየ ቦታ ላይ ነው። አንዱ ሀሁ ይቆጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሌላው ፊደለ ሐዋርያ የሚባለውን የዮሐንስ መልእክት ይዟል፤ ወንጌል የደረሰም፣ ዳዊት የሚደግምም አለ። ንባቡም ራሱ ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ በቁጥር እያንዳንዱን ፊደል በስንጥር እየነኩ መጥራት፣ ቀጥሎ በግዕዝ ቃሉን በዝግታ ማያያዝ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ቁጥሩ ሳይጠራለት ወደ ግዕዝ የሚያልፍ ልጅ የለም። ዓመቱ አለቀ ተብሎም ማንም ወደፊት አይገፋም። ፈጣኑ በወራት ዳዊት ይደርሳል፤ ዝግተኛው ዓመታት ይፈጅበታል። ዳዊት የደገመ ዕለት ግን ቤተሰቡ ለሁለቱም እኩል ይደግሳል።

የኔታ ሁሉን ልጅ በአንድ ጊዜ ሊያስቆጥሩ አይችሉም፤ ስለዚህ ታላቁ ታናሹን ያስቆጥራል። አቅም ያለው ቤት ደግሞ ካህን ወይም ደብተራ ቀጥሮ ልጆቹን ግቢው ውስጥ ያስተምር ነበር። ከወንዶች ጉባኤ የማትቀመጥ ሴት ልጅ ፊደል የመቁጠር ዕድል ካገኘች ብዙውን ጊዜ የምታገኘው በዚህ መንገድ ነበር። እኔም በዚሁ መንገድ ነው ያለፍኩት። ቡልጋ ውስጥ አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ቤታቸው ደጃፍ ላይ አስቀምጠው አስተምረውናል። ገበታችን ያገራችን ሰው ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙት ወረቀት ነበር። ያ ወረቀት በየገጠሩ እየተሸጠ፣ ብራና ያልነበረውን ቤት ሁሉ ፊደል መቁጠሪያ አድርጎታል።

ወንድሜ ቀለም አልገባ ያለው ልጅ ነበር። ሠፈሩ «ድፍን ቅል» ይለዋል። ከዚያ ቀደም ከሌላ መምህር ዘንድ በአርጩሜ ሲገረፍ ከርሞ ወረቀት ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ሆኖ ነበር። ከብቶቹን ግን በመልክና በድምፅ ይለያል፤ የሰማውን ተረት ቃል ሳያጎድል ይመልሳል። አያቴ ይህን አዩ። ገበታውን አጠፉና ወደ ጆሮው ሄዱ። ማታ ማታ አጫጭር መዝሙሮችን በቃሉ አስያዙት። ከዚያ በኋላ ነው ዳዊቱን ገልጠው፣ አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን መዝሙር በስንጥር እየነኩ ቃል በቃል ያሳዩት።

ፊደሉንም በገበታው ተራ አላስሄዱትም። የአማርኛ ፊደል 33 ሲሆን በሰባት ሲባዛ 231 መልክ ይሆናል። ማስታወሱ ለሚከብደው ልጅ ይህ ተራራ ነው። አያቴ መልካቸው በሥርዓት የሚለዋወጠውን ለ፣ በ፣ ሰ፣ ከ መጀመሪያ አመጡለት። ካዕቡ በቀኝ ወገቡ ላይ ክንድ ያወጣል፤ ሣልሱ ክንዱን ወደ እግሩ ያወርዳል፤ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ይህን ካወቀ አንዱን ሲይዝ ብዙውን ይይዛል። ከሥርዓቱ የሚወጡት ሩ እና ፉ፣ እንደየፊደሉ መልካቸውን የሚቀያይሩት ሳድሶች ወደ ኋላ ቆዩ። የሚመሳሰሉት ቀ እና ተ፣ ነ እና ኘ አንድ ቀን ላይ አይቀርቡም። ምድጃው ሲበርድ አመዱን ደልደል አድርገው በጣቱ ያስጽፉታል፤ እየጻፈም ድምፁን ጮክ ብሎ ይጠራል። እኔንም «አንቺ አስቆጥሪው፤ ሲሳሳት አትሳቂ፤ ጠብቂው» ይሉኝ ነበር። መምህርነት የጀመርኩት ያኔ ነው። ወንድሜ ዳዊት ሲደግም አያቴ በሕይወት ነበሩ። ዛሬ አናጢ ነው፤ ሥራውን በራሱ ደብተር ይመዘግባል፤ ጋዜጣም ቀስ ብሎ ያነባል።

አያቴ ወንድሜን ሲያጽናኑ የሚጠቅሱት ቅዱስ ያሬድን ነበር። ትውፊቱን የማያውቅ የለም። ያሬድ አክሱም ውስጥ አጎቱ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት አልገባ ብሎት ተገረፈ፤ ሸሽቶም ዛፍ ሥር አረፈ። አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ደጋግማ ስትወድቅ፣ በመጨረሻም ስትወጣ አይቶ ተጽናንቶ ተመለሰ። ድጓን የደረሰውና የቤተ ክርስቲያኗን ዜማ ያቆመው ይኸው ልጅ ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ትዕግሥት ነው። እኔ ደግሞ ሌላም ነገር አይበታለሁ። ያሬድ ዘመድ ቤት የሚማር፣ በዱላ ያልተማረ፣ ጸጋው በጆሮው በኩል የነበረ ልጅ ነው። አገራችን ከታላላቅ መምህሮቿ አንዱን ስታስብ ትምህርት የከበደውን ልጅ አብራ ታስባለች።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ሁሉ ማሞገሴ አይደለም። አርጩሜው ብዙ ልጅ ከፊደል አባርሯል። ትምህርት ያልሰረጸለት ልጅ ብዙውን ጊዜ ወደ ከብት ጥበቃ ይመለስ ነበር። «ዓይነ ልቡና» እየተባለ ለአእምሮ መክፈቻ የሚሰጥ ነገርም ነበር። ከዚያ ውስጥ እጅግ አደገኛው አብሾ ነው፤ መርዛማ ተክል በመሆኑ ትምህርት ይገባዋል ተብሎ የጠጣውን ልጅ አእምሮ እስከ ማቃወስ ይደርሳል። ከአብሾም ከአርጩሜም ጀርባ ያለው እምነት አንድ ነው፦ ጉድለቱ ልጁ ውስጥ ስለሆነ ከውስጡ መነቀል አለበት የሚል። አያቴን የመሰሉ መምህሮች ጥያቄውን ገልብጠው «ለዚህ ልጅ በየት በኩል ልግባለት?» አሉ።

በሌላው ዓለምም ይህ ጥያቄ የተጠየቀው ዘግይቶ ነው። ለንባብ ችግር ዲስሌክሲያ የሚለውን ስም ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1887 ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ጻፈ። ልጁ ብሩህ ነው፤ በጨዋታም ከእኩዮቹ አያንስም፤ ማንበብ ግን እንቢ ብሎታል። መምህሩ የሰጡት ምስክርነት እስከ ዛሬ ይገርመኛል፦ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ የበለጠ ብልህ ይሆን ነበር ብለዋል። ያ እንግሊዛዊ መምህር በሐሳብ ብቻ የተመኙት ትምህርት ቤት በዚያው ዘመን ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ነበር። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በሐሳቡ ቆጥሮ በቃሉ ለመምህሩ ይነግራል። የዜማው ትምህርትም ዋና መንገዱ ጆሮና ቃል ነው። ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ከእነዚህ ጉባኤዎች ወጥተው ወንበር የዘረጉት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ሳሙኤል ኦርተንና አና ጊሊንግሃም የቀመሩት ዘዴም ልጁ ፊደሉን በአንድ ጊዜ እንዲያይ፣ እንዲሰማ፣ እንዲጠራና በጣቱ እንዲጽፍ ያደርጋል። ስለዚህ ዘዴ በመምህራን ሥልጠና ላይ ስሰማ የአያቴ አመድ ትዝ አለኝ።

ዘመናዊው ትምህርት በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲጀምር ብዙ በር ከፈተልን፤ እኔም የእርሱ ፍሬ ነኝ። ይዞት የመጣው ሥርዓት ግን ልጆችን በዕድሜ ያሰልፋል፤ ሁሉን በአንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ ያቆማል፤ ሰኔ ሲደርስ አላፊና ወዳቂ ብሎ ይከፍላል። እኔ ራሴ ስልሳ ሰባ ልጅ ፊት ቆሜ አስተምሬአለሁ። ልጆቹ በኅብረት ሀሁ ሲሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይሞላል፤ ከዚያ ድምፅ ውስጥ የትኛው ልጅ ፊደሉን እንደሚያይ፣ የትኛው ጓደኛውን ተከትሎ እንደሚጮህ መለየት አይቻልም። አቡጊዳ ሊያወጣው የሚችለውን ምስጢር ኅብረቱ ይሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ያ ውጤት ይፋ ሲሆን የደነገጠ ብዙ ነበር፤ አንደኛ ክፍል ያስተማርን ግን አልደነገጥንም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወጣት መምህር ነበርኩ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ሸልሞታል። እኔ ያየሁት ግን በልጅነታቸው «ለቀለም አልተፈጠራችሁም» ተብለው የቀሩ ጎልማሶችን ነው። ማታ ከሥራ መልስ ጥቂት ሆነው ሲቀመጡ፣ አንዱ ሌላውን ሲያስቆጥር፣ ብዙዎቹ ስማቸውን ጽፈው ደብዳቤ እስከ ማንበብ ደረሱ። ስንት ልጅ ያለ ጥፋቱ ተጥሎ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ቤትም ሁልጊዜ መልካም ቦታ አልነበረም። የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ወይም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እንደ እርግማን ይቆጠር ስለነበር ቤት የመማሪያ ሳይሆን የመደበቂያ ስፍራ ሆኖ ቆይቷል። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ጓዳ ይገባል። ይህን በአደባባይ ከሰበሩት ሰዎች ግንባር ቀደሟ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናት። ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ናት። ኦቲዝም ላለበት ልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች። ልጇንም ይዛ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበች። አንደበት ላልፈታላቸው ልጆች ድምፅ ማውጫ እንዲሆን ያዘጋጀችውን ዘዴም አቡጊዳ ፎኔቲክስ አለችው፤ መነሻው የራሳችን ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ስታርፍ ብዙ እናቶች እንደ እናታቸው አለቀሱላት። አንዲት እናት ለአንድ ልጅ ብላ የጀመረችው ትምህርት ለአገር ተረፈ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ከተማው ሁሉ ሳይወድ በግዱ የቤት አስተማሪ ሆነ። ወላጆች ልጆቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሲያስነብቡ፣ በሪፖርት ካርድ ላይ ያልታየው ችግር ታያቸው። ወደ እኔ የሚመጡት ወላጆች የበዙት ከዚያ ወዲህ ነው።

ለእነርሱ የምለው ይህን ነው። ልጁን ከጓደኞቹ ለመነጠል አትቸኩሉ፤ ጨዋታውና ጓደኝነቱ ያስፈልገዋል። አስቀድማችሁም ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። በየቀኑ ግን ለአጭር ጊዜ አጠገቡ ተቀመጡ። የሚያውቀውን መዝሙር ወይም ተረት አስጽፋችሁ በእርሱ አስጀምሩት፤ ፊደሉን መልኩ በሥርዓት ከሚለዋወጠው ጀምራችሁ ስጡት፤ በጣቱ አስጽፉት፤ በአቡጊዳ ፈትኑት፤ ታላቁ ታናሹን ያስቆጥረው። አርጩሜውን ተዉት፤ ስድቡንም ተዉት። ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ጥያቄ አለኝ፦ ከውጭ የመጣውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስታስተምሩ የየኔታን የማስቆጠር ሥርዓትም ከነጥቅሙ ከነጉዳቱ አብራችሁ አስጠኑ። ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ መስጠት ሲሳካ ያየነው፣ ያውም ከአንድ ገበታና ከአንድ ስንጥር በቀር ምንም ባልነበረበት ዘመን ነው። ስልሳ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍልም ቢሆን ለአንድ ልጅ የምትሆን አንዲት ሰዓት ማውጣት ያቅተናል ብዬ አላምንም።