ኢንዲያን አክሰንት

ኢንዲያን አክሰንት በሕንድ ዋና ከተማ በኒው ዴልሂ የሚገኝ፣ የአገሪቱን ባህላዊ ምግቦች ከውጭ አገር ግብዓቶችና አዳዲስ አቀራረቦች ጋር በማዋሐድ የሚታወቅ ዘመናዊ ምግብ ቤት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ዘ ማነር በተባለ ሆቴል ውስጥ ተከፍቶ፣ በ2017 ወደ ሎዲ ሆቴል ተዛወረ። ስሙ የገነነው በሼፍ ማኒሽ ሜህሮትራ ሲሆን፣ ሼፉ በ2024 ቤቱን ለቋል። የኒው ዮርክ ቅርንጫፉ በ2016 ሥራ ጀምሯል።

ተመጋቢዎች ከምግብ ዝርዝሩ መርጠው ያዝዛሉ፤ አለዚያም ምግብ ቤቱ የመረጣቸው ምግቦች በትንሽ በትንሹ፣ ተራ በተራ ይቀርቡላቸዋል። ሥጋ ለማይበሉ የተለየ ዝርዝር አለ። መስተንግዶው የሚከፈተው ብሉ ቺዝ የተባለ አይብ በተሞላ ትንሽ የናን ቂጣና በአንድ ስኒ ሾርባ ነው።

ከጣፋጮቹ ዝነኛው ዳውላት ኪ ቻት ነው። በአሮጌው ዴልሂ ጎዳናዎች በብርዱ ወራት የሚሸጠው ይህ ጣፋጭ፣ ወተትና ክሬም ተመትቶ ከሚወጣው አረፋ ይዘጋጃል፤ አረፋው ሙቀት ሲነካው ወዲያው ይሟሽሻል። ኢንዲያን አክሰንት ይህንኑ የጎዳና ጣፋጭ ለጨዋታ በተሠሩ የሩፒ ኖቶች አስጊጦ ለገበታ ያቀርበዋል።