ዋናውን ጌም ያልገዛ ሰውና የሞድ ልውውጥ

በኮምፒውተር ጌም ዓለም «ሞድ» የሚባለው፣ አንድ ጌም ለገበያ ከቀረበ በኋላ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚጨምሩበት ለውጥ ነው፤ አዲስ ካርታ፣ አዲስ ገጸ ባሕርይ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ የተለየ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ሞድ ግን ብቻውን አይሠራም፤ ምስሉንና ድምፁን ከዋናው ጌም ይዋሳል። ጌሙን ላልገዛ ሰው ሞድ ማካፈል አከራካሪ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ዱም» የመጀመሪያ ክፍሉ በነጻ የሚታደል፣ ቀሪው የሚሸጥ ነበር። አዘጋጁ «ኢድ ሶፍትዌር» ሞድ መሥራትን ቢፈቅድም፣ ሞዱ በተገዛው ቅጂ ላይ ብቻ እንዲሠራ ይፈልግ ነበር። በነጻው ቅጂ ላይ ተጨማሪ ፋይል ለመጫን የሞከረ ተጫዋች ፕሮግራሙ ራሱ ይከለክለውና እንዲገዛ ያሳስበው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ጉዳዩ በአሜሪካ ዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ታየ። «ማይክሮ ስታር» የተባለ ድርጅት ተጫዋቾች ለ«ዱክ ኑከም 3ዲ» የሠሯቸውን 300 ካርታዎች በሲዲ ሰብስቦ ሸጠ። ፋይሎቹ ከጌሙ አንድም ምስል አልያዙም፤ የትኛው ምስል የት እንደሚቀመጥ የሚያመለክቱ ብቻ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ግን የዚያኑ ጀግና ታሪክ የሚቀጥሉ ናቸውና መብቱ የጌሙ ባለቤት ነው ወደሚለው አደላ። ካርታዎቹን በነጻ መለዋወጥን ባለቤቱ ራሱ ይፈቅድ ነበር፤ ክርክሩን ያስነሣው ሽያጩ ነው።

በሙስካት ወጠያ የሚኖር ተጫዋች የሠራውን ሞድ አዲስ አበባ ላለ ወዳጁ ቢልክ፣ የሁለቱም አገሮች ሕግ የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ይጠብቃል፤ በኦማን የሱልጣን ድንጋጌ ቁጥር 65/2008፣ በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996። የኢትዮጵያው አዋጅ ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ለአገልግሎቱ አስፈላጊ ሲሆን አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል፤ ቅጂውን ለሌላ ማደልን ግን አይደለም። ስለዚህ ላኪው የጌሙን ፋይሎች ከሞዱ ጋር አብሮ ቢያሽግ፣ ያካፈለው ሞድ ሳይሆን ጌሙን ራሱን ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ የሌለው ወጣት ፈተናው እዚህ ላይ ይበረታበታል።

ሕጋዊ መውጫ ግን አለ። የ«ዱም» የፕሮግራም ኮድ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሕዝብ ሲለቀቅ፣ ምስሉና ድምፁ በባለቤቱ እጅ ቀረ። በጎ ፈቃደኞች ግን የራሳቸውን ምስልና ድምፅ ሠርተው «ፍሪዱም»ን አወጡ፤ ብዙ የ«ዱም» ሞዶች ዛሬ ምንም ሳይገዛ በዚህ ይሠራሉ። በሌሎች ጌሞች ደግሞ ጠንቃቃ ሞደኞች ከዋናው ፋይል የተለየውን ልዩነት ብቻ የያዘ ማጣበቂያ ፋይል ያካፍላሉ፤ ተቀባዩም በራሱ ቅጂ ላይ ያስገባዋል።