ኃይል ሰጪ ምግቦችና የሰውነት አጠቃቀማቸው

ሰው ለመተንፈስ፣ ለማሰብ፣ ለመሥራትና የሰውነቱን ሙቀት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ኃይል በዋናነት የሚያገኘው ከካርቦሃይድሬት፣ ከቅባትና ከፕሮቲን ሲሆን፣ ቫይታሚኖችና ማዕድናት ለሂደቱ የግድ ቢያስፈልጉም ራሳቸው ኃይል አይሰጡም። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ባካሄዳቸው ጥናቶች ላይ የተመሠረተውና ዛሬም የሚሠራበት ስሌት፣ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎካሎሪ ያህል፣ 1 ግራም ቅባት ደግሞ 9 ኪሎካሎሪ ያህል እንደሚሰጥ ያሳያል።

የጤፍ፣ የማሽላ፣ የበቆሎና የቆጮ ዋነኛ ይዘት ስታርች የተባለው ካርቦሃይድሬት ነው። ስታርች በምራቅና በትንሹ አንጀት ውስጥ በኢንዛይሞች፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ ተሰባብሮ ግሉኮስ ወደሚባለው ቀላል ስኳር ከተለወጠ በኋላ ወደ ደም ይገባል። የደም ስኳር ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ በዚህም ሆርሞን አማካይነት ግሉኮሱ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ህዋሳት ይገባል፣ ትርፉም ግላይኮጅን ሆኖ ይከማቻል። ጉበት የሚይዘው ግላይኮጅን ግን 100 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ጡንቻዎች ከዚህ በርካታ እጥፍ ቢይዙም ለራሳቸው ሥራ ያውሉታል እንጂ ግሉኮስ አድርገው ወደ ደም አይመልሱትም። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ከራት በኋላ እህል ሳይቀምስ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው የደም ስኳሩ የሚጠበቀው በዚህች ጥቂት ክምችትና ጉበቱ ከአሚኖ አሲድ፣ ከላክቴትና ከግሊሰሮል አዲስ በሚሠራው ግሉኮስ ነው።

የረጅም ጊዜው ስንቅ ስብ ነው። ጾሙ ሲራዘም ጡንቻና ልብ በአብዛኛው የስብ አሲዶችን ያቃጥላሉ፤ በዕረፍት ጊዜ ከሚወጣው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው አንጎል ግን እነዚህን ለነዳጅነት ሊጠቀምባቸው ስለማይችል፣ ምግብ ለቀናት ሲታጣ ጉበት ከስብ የሚሠራቸውን ኪቶኖች ይጠቀማል። ምንጩ የትኛውም ቢሆን አብዛኛው ማቃጠል የሚፈጸመው ማይቶኮንድሪያ በተባሉት የህዋስ ክፍሎች ውስጥ በኦክስጅን ሲሆን፣ የሚገኘውም ኃይል ኤቲፒ በተባለ ውህድ ተይዞ ለሥራ ይውላል፤ የዚህን ሂደት ማዕከላዊ ዑደት ሃንስ ክሬብስ በ1937 እ.ኤ.አ. ገልጾታል።

ፕሮቲን በትምህርት ቤት ገንቢ ምግብ መባሉ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ግንባታው የሚሰምረው ኃይሉ ከሌላ ምንጭ ሲሟላ ብቻ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኃይል ያነሰው ልጅ የሚበላውን እንቁላል ወይም ባቄላ ከፊሉን ለነዳጅነት ያቃጥለዋል፣ ሲብስም የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል። ለዚህም ነው በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የሚዘጋጀው ማገገሚያ ምግብ በ92 ግራም እሽግ 500 ኪሎካሎሪ እንዲይዝ ተደርጎ፣ ከኃይሉ ግማሽ ያህሉ ከቅባት፣ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው ብቻ ከፕሮቲን እንዲመጣ የተቀመረው።