ፔሌን ታውቃላችሁ፤ መንግሥቱ ወርቁንስ?

የዛሬው ረዘም ይላል። ዳታ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ የሌላችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጉትና ዋይፋይ ስታገኙ ትመለሱበታላችሁ።

ነገሩ የተነሳው ከክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ 1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር እያወራሁ ነበር። ጃንሆይ ያኔ አገር ውስጥ እንዳልነበሩ ስናገር አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ የት ሄደው ነው?" አለኝ። "ብራዚል" አልኩት። በቃ፣ ትምህርቱ እዚያ ላይ አለቀ! ከኋላ ወንበር "ፔሌ!"፣ "ሮናልዲንሆ!"፣ "ኔይማር!" ሆነ። የከሚሴ ልጅ ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት እንደሚውል ታውቁታላችሁ፤ እናንተም የቀድሞ ተማሪዎቼ ከዚያው ናችሁ፣ አልረሳሁትም።

እኔም ተውኳቸውና "እሺ፣ መንግሥቱ ወርቁስ ማን ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ዝም። ትንሽ ቆይታ አንዷ እጇን አወጣችና "መፈንቅለ መንግሥቱን ያደረገው አይደለም እንዴ?" አለች። አልሳቅኩባትም። ያኛው መንግሥቱ ንዋይ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥቱ ኃይለማርያም ነው። በእኛ የታሪክ መማሪያ ሁለት መንግሥቱዎች አሉ፤ ሦስተኛው መንግሥቱ፣ ጎል ያገባው፣ የለም።

ስለዚህ ያንን ክፍል ውስጥ ያላለቀ ትምህርት እዚህ ልጨርሰው። (ዲፕሎማ ያለኝ መምህር ነኝ እንጂ የስፖርት ጋዜጠኛ አይደለሁም፤ በዚያ ልክ ያዙኝ።)

መንግሥቱ ወርቁ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ፔሌም የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። ይቺን ስነግራቸው ልጆቹ ዝም አሉ፤ እድሜ እኩያ ናቸው እንግዲህ። ፔሌ በ17 ዓመቱ ስዊድን ሄዶ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሁለት ጎል አገባ። የኛው ደግሞ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ይጫወት ነበር፤ የብሔራዊ ቡድኑም አጥቂ ሆነ።

መጀመሪያ ግን ከመንግሥቱ ጎል በፊት ምን እንደነበረ ካላያችሁ የጎሉ ክብደት አይገባችሁም። የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲጀመር መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ወጣች። እኛ ደግሞ ከእሷ ጋር ስለነበርን ሳንጫወት ፍጻሜ ገባን። ፍጻሜው ላይ ግብጽ 4 ለ 0። አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፣ አድ-ዲባ የሚባል። በ1959 ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኘን። እንደገና 4 ለ 0። ሁለት ጨዋታ፣ ስምንት ጎል ገባብን፣ እኛ አንድም የለን። ከዚህ በኋላ ነው ሦስተኛው ዋንጫ ወደ አዲስ አበባ የመጣው።

ጥር 1954 ዓ.ም. ነው። ከመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ 13 ወር ብቻ ነው ያለፈው። ከተማው ገና ያን ደም አልረሳውም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም አራት ቡድን ተሰበሰበ፦ እኛ፣ ግብጽ (ያኔ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር)፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። ቡድኑን ያሰለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ የአስመራ ልጅ። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ይጫወታል። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ ቀድማ አግብታብን ነበር፤ 4 ለ 2 አሸነፍን።

ፍጻሜው እሁድ ጥር 13 ቀን ነው የተደረገው። ጥምቀት ዓርብ ነበር ማለት ነው። ታቦት ከገባ በኋላ ያለውን ሕዝብ አስቡት፣ ከየአገሩ ለበዓል የመጣው ሁሉ ገና አልተበተነም።

ባዳዊ የሚባለው የግብጽ አጥቂ በ35ኛው ደቂቃ አገባ። ከዚያ በኋላ ጎል የለም። ሰዓቱ ይሄዳል። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ አቻ አደረገን። ደስታው አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ በ75ኛው ያው ባዳዊ ደገመ። እኔ እንኳን ዛሬ ቁጥሩን ሳነበው ሆዴን ይቆርጠኛል። በ84ኛው ሉቺያኖ እንደገና አቻ አደረገ። 2 ለ 2፣ ወደ ጭማሪ ሰዓት። በ101ኛው ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። በ117ኛው ደቂቃ፣ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን።

ዋንጫውን ጃንሆይ ራሳቸው ለሉቺያኖ ሰጡት። ብራዚል በዚያው ዓመት ቺሊ ላይ ሁለተኛዋን የዓለም ዋንጫ ያነሳችው ከዚህ ወራት በኋላ ነው። መንግሥቱ በውድድሩ 3 ጎል አግብቶ ከባዳዊ ጋር እኩል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

አሁን አንድ የከሚሴ ሰው ላምጣ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ፌስቡክ አይወዱም። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ፤ ከአሰብ ተነስቶ በደሴ በኩል በደጃችን አልፎ አዲስ አበባ የሚገባው መኪና ላይ። ያን ጥምቀት እዚያ ነበሩ። ትኬት አልነበራቸውም፣ ከስታዲየሙ ውጭ ቆመው ነው የዋሉት። ማታ ማታ ጫት ቤት ቁጭ ስንል ይህን ስንት ጊዜ ነግረውኛል። እሳቸው ታዲያ ያሸነፍንበትን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው ይላሉ። አይ አባቴ፣ መዝገቡ ሦስተኛው የኢታሎ ነው ይላል፣ የመንግሥቱ አራተኛው ነው አልኳቸው። አልተቀበሉኝም። ኢታሎ ሲያገባ ጩኸት ነበር፣ ግን ወዲያው ጸጥ አለ፤ ሰው ሁሉ ባዳዊን እየጠበቀ ነው። መንግሥቱ ሲያገባ ግን ጩኸቱ አላቆመም ይላሉ።

እኔ ያኔ መዝገቡን ይዤ ልከራከር ነበር፣ ተውኩት። ሳስበው የተሳሳቱት በቁጥር እንጂ በነገሩ አይደለም። በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ መርተውን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል ለቀመሰ ሕዝብ 3 ለ 2 ማለት ምንም አይደለም። ያመነው በአራተኛው ነው። ፈተና ላይ ብጠይቅ "ኢታሎ" ብሎ የጻፈ ልጅ ነጥብ ያገኛል፤ ግን የአባቴን መልስ ኤክስ ለማድረግ እጄ አይሄድም።

ለምን ታዲያ ልጆቻችን አያውቁትም? ብዙ ሰው "ታሪክ አንወድም" ይላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ፔሌ ስዊድን ላይ ያገባው ጎል በፊልም አለ፤ የከሚሴ ልጅ ስልኩ ላይ ያየዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፣ ከዋንጫው ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል። የመንግሥቱ ጎል የቀረው በጋዜጣ፣ በጥቂት ፎቶና እንደ አባቴ ባሉ ሰዎች ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ ያረጃል።

ቁጥሩንም ልስጣችሁ። በብዙ ቦታ የሚጠቀሰው ለብሔራዊ ቡድን 98 ጨዋታና 61 ጎል ነው። እኔ ይበልጥ የምተማመነው በ10 ላይ ነው፤ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው ጎሎች፣ ጨዋታ በጨዋታ የተመዘገቡ ናቸው። ኤቶ 18 አለው፣ የኮትዲቯሩ ሎራን ፖኩ 14። ያ ፖኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ሱዳን ላይ በአንድ ጨዋታ 5 ጎል ያገባው በማን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በኛ ላይ ነው፤ 6 ለ 1። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1968፣ ዋንጫው እንደገና በአገራችን ሲደረግ የምድቡን ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፈን በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸንፈን ነበር። የመውረዱ ነገር እንዲህ ቀስ ብሎ ነው የጀመረው።

መንግሥቱ ኳስ ካቆመ በኋላም ከሜዳው አልራቀም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስንም ብሔራዊ ቡድኑንም አሰልጥኗል። ያረፈው በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫ ከተሳተፈች፣ ከ1982ቱ የሊቢያ ውድድር ጀምሮ፣ 28 ዓመት አልፏት ነበር። እኔ ኳስ ማየት ስጀምር ያ ዋንጫ ለኛ የሌላ ሰዎች ሰርግ ነበር።

ከዚያ ጥቅምት 2005 መጣ። ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 አሸንፋን ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0፣ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ። ከ31 ዓመት በኋላ አለፍን። ያ ጨዋታ የተደረገው መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ ያገባበት ያው ስታዲየም ውስጥ ነው፤ እሱ ግን ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ከሚሴ ላይ ያን ቀን ባጃጁ ሁሉ ክላክስ እያደረገ ሲዞር ትዝ ይላችኋል? አባቴ ከቤታቸው ወጥተው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዋልያዎቹ "የሜዳቸውን" ጨዋታ በሰው አገር የተጫወቱባቸው ዓመታት መጡ።

እና ይህን ያነበባችሁ፣ በተለይ አያት ያላችሁ፦ በጥር 54 አዲስ አበባ፣ አስመራ ወይም ድሬዳዋ የነበረ ሰው በቤታችሁ ካለ ጠይቁልኝና የነገሯችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፣ ችግር የለም። ቁጥሩ ቢሳሳትም እንዳታርሙት።